ሰዓት በእጅ ሳይታሰር

ሰዓት የሚለው ቃል ጥንታዊ ነው። በግዕዝ ትርጓሜው ከቀን ወይም ከሌሊት ከዐሥራ ሁለቱ ክፍል አንዱ፥ አንድም የተወሰነ ጊዜ ማለት ነው። ኋላ ግን ጊዜን የሚቈጥረው መሣሪያ ከአውሮፓ በመጣ ጊዜ ሕዝቡ ለመሣሪያው ሌላ ስም ሳይፈልግ በጊዜው ስም ጠራውና ቃሉ ኅብር ሆነ። እነሆ አንድ የከተማ ሰው የእጅ ሰዓቱን በቤቱ ረስቶ ቢወጣና መንገደኛ ስንት ሰዓት እንደ ሆነ ቢጠይቀው «ሰዓት የለኝም» ብሎ ይመልሳል። ሥራ የበዛበትም ሰው ባልንጀራው «ጥቂት እንጫወት» ቢለው ያንኑ ቃል «ሰዓት የለኝም» ሲል ይመልሳል። የቅኔ ተማሪ ይህን ሲሰማ ለመፍታት አይቸገርም፤ ሰሙ መሣሪያው፥ ወርቁ ጊዜው ነው። በኑሮ ውስጥ ግን ሰሙና ወርቁ ስለ ተደባለቁ መሣሪያው የሌለው ሰው ጊዜም የሌለው መስሎት ይጨነቃል፤ መሣሪያው ያለውም ሰው ከሁሉ ይልቅ ጊዜ ያጠረው ሆኖ ይገኛል። ይህ እንዴት እንደ መጣ ለማወቅ፥ ሰዓት በእጅ ሳይታሰር ሰዎች እንዴት እንደ ኖሩ፥ ከታሰረም በኋላ ምን እንደ ሆኑ ታሪክን መጠየቅ ይገባል።

አንዳንድ ሰዎች የኢትዮጵያ ሰው ሰዓት የሚያሳይ መሣሪያ ስላልነበረው ጊዜን ሳይቈጥር፥ እንዲያው ፀሐይ ስትወጣ ተነሥቶ ስትገባ ተኝቶ የኖረ ይመስላቸዋል። ባሕረ ሐሳብ ግን ይህን አሳብ ያፈርሰዋል። በባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ቈጠራ አንድ ዕለት ከነሌሊቱ በ60 ኬክሮስ ይከፈላል። አንዱ ኬክሮስ በ60 ካልዒት፥ አንዱ ካልዒት በ60 ሣልሲት፥ አንዱ ሣልሲት በ60 ራብዒት ይከፈላል፤ ከዚያም ወደ ኃምሲትና ወደ ሳድሲት ይወርዳል። ይህ በዛሬው አቈጣጠር ሲመነዘር አንድ ኬክሮስ 24 ደቂቃ፥ አንድ ካልዒት 24 ሴኮንድ ይሆናል፤ ሣልሲት የሴኮንድ ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ ራብዒትም ሴኮንድ ለ150 ቢከፈል አንዱ እጅ ነው። በእጅ የሚታሰር ተራ ሰዓት ከሴኮንድ በታች ያለውን አያሳይም። እንግዲህ ብዕሩንና ብራናውን ብቻ የያዘ መምህር በአሳቡ ከመሣሪያው ይልቅ የደቀቀውን ጊዜ ይከፍል ነበር ማለት ነው።

ይህም ቈጠራ ለከንቱ አልነበረም። ዓመቱ 365 ዕለት ከ15 ኬክሮስ ስለ ሆነ፥ 15ቱም ኬክሮስ ስድስት ሰዓት ስለሚሆን፥ በአራት ዓመት አንድ ዕለት ሞልቶ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጕሜን 6 ቀን እንድትሆን የሚያደርግ ይኸው ሐሳብ ነው። ጾም የሚገባበት፥ በዓልም የሚውልበት ቀን በዚሁ ይታወቃል። ነገር ግን ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። ራብዒትን የሚከፍለው ያው መምህር፥ ደቀ መዝሙሩ ቍራሽ ለምኖ ከመንደር እስኪመለስ ድረስ ስንት ካልዒት እንደ ዘገየ አልቈጠረበትም። የደቀቀው ቈጠራ ለሰማይ ብርሃናት ነበረ፤ ለሰው ግን ሰፊው ጊዜ ተትቶለት ነበር። ጊዜን ማወቅና ስለ ጊዜ መጨነቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደ ሆኑ ከዚህ ይታያል።

የዕለቱ አከፋፈል በአንድ መንገድ ብቻ አልተወሰነም። መጽሐፈ ሄኖክ የብርሃናትን ሥርዓት በሚናገርበት ክፍል ዕለቱን ከነሌሊቱ በ18 መድቦ፥ ቀን እጅግ በሚረዝምበት ወራት 12ቱን ክፍል ለቀን 6ቱን ለሌሊት፥ በሚተካከሉበትም ወራት ዘጠኝ ዘጠኙን ለሁለቱም ይሰጣል። በኑሮ የጸናው ግን ቀኑን በ12 ሌሊቱንም በ12 መክፈል ነው። ይህ ልማድ ከአገሩ አቀማመጥ ጋራ የተስማማ ነው። ኢትዮጵያ ለምድር ወገብ የቀረበች ስለ ሆነች፥ በአዲስ አበባ በሰኔ የሚውለው ረጅሙ ቀን 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል፥ በታኅሣሥ የሚውለው አጭሩ ቀን 11 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ያህል ነው። በለንደን ግን ረጅሙ ቀን ከ16 ሰዓት ያልፋል፤ አጭሩ 8 ሰዓት አይሞላም። የጥንት ሮማውያን ቀኑ ቢረዝምም ቢያጥርም በ12 ይከፍሉት ስለ ነበር፥ ቀኑ ሲረዝም የአንዱ ሰዓት ልክ 75 ደቂቃ ያህል፥ ሲያጥር 45 ደቂቃ ያህል ይሆን ነበር። በኢትዮጵያ ግን ልዩነቱ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለ ሆነ ንጋትን መነሻ አድርጎ የሚቈጥር ሰው ዓመቱን ሁሉ ብዙ አይሳሳትም።

ለዚህ ቈጠራ ዋናው መሣሪያ የሰው ገላ ነበረ። ሰዓቱን ለማወቅ የፈለገ ሰው ከደልዳላ መሬት ላይ ቀጥ ብሎ ይቆምና የራሱ ጥላ የሚያርፍበትን ቦታ በጠጠር ወይም በጭራሮ ያስታውቃል፤ ከዚያም ከቆመበት ጀምሮ ተረከዙን ከጣቱ እያጋጠመ በጫማው ይሰፍራል። ረጅም ሰው ጫማውም ረጅም፥ አጭር ሰው ጫማውም አጭር ነውና፥ ማንም ቁመቱን በገዛ ጫማው ቢለካ ስድስት ተኩል ወይም ሰባት ያህል ይሆንለታል፤ ስለዚህ የአንዱ ልክ ከሌላው ብዙ አይርቅም። በመስከረምና በመጋቢት ቀንና ሌሊት በሚተካከሉበት ሰሞን በኢትዮጵያ ደጋ ስምንት ሰዓት ሲሆን ጥላው አራት ጫማ፥ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሰባት ጫማ፥ ዐሥር ሰዓት ሲሆን ዐሥራ ሁለት ጫማ ያህል ይሆናል። ዘጠኝ ሰዓት የሰው ጥላ ከቁመቱ ጋራ የሚተካከልበት ስለ ሆነ ለማስታወስ የቀለለ ነው። በሌላው ወራት ልኩ ስለሚለወጥ ሊቃውንቱ ለየወሩ የሚገባውን የጫማ ቍጥር በሠንጠረዥ ጽፈው በብራና ያኖሩ ነበር። በአዲስ አበባ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ ፀሐይ በቀትር ከራስ በላይ ቀጥ ትልና ጥላ ከእግር በታች ይጠፋል፤ በሁለቱ መካከል ባሉትም ወራት ፀሐይ ወደ ሰሜን ስለምታልፍ የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል። ይህን ሁሉ የማያውቅ የጥላ ሰፋሪ አልነበረም።

ዘጠኝ ሰዓትን ማወቅ ያስፈለገበትም ምክንያት የታወቀ ነው። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለሚቆይ የጥላው ልክ የካህኑም የገበሬውም ጕዳይ ነበረ። ከዚህም ጋራ ሰባቱ የጸሎት ጊዜያት ዕለቱን እንደ ምሰሶ ደግፈው ይዘውት ነበር፤ እነርሱም ነግህ፥ ሠለስት፥ ቀትር፥ ተሰዓት፥ ሠርክ፥ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት ናቸው። ሠለስት ሦስት ሰዓት፥ ቀትር ስድስት ሰዓት፥ ተሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ነው። በአማርኛ ተሲያት የሚባለው ጊዜ ስሙን ያገኘ ከዚሁ ከተሰዓት ነውና፥ ጸሎቱን የማያደርስ ሰው እንኳ ጊዜውን በጸሎቱ ስም ሲጠራ ኖሯል። በዐፄ ዳዊት ዘመን የነበረው አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ መጽሐፈ ሰዓታትን ሲደርስ ለመሣሪያው አልደረሰም፤ ለጊዜው ነው እንጂ። ሰዓት ማለት በዚያን ጊዜ አንድ ነገር የሚደረግበት ማለት ነበረ፤ ባዶ ሰዓት፥ ያለ ሥራ የሚቈጠር ሰዓት አይታወቅም ነበር።

በክረምት ደመናው ፀሐይን ሲሸፍን ጥላ አይገኝም። ያን ጊዜ ሥራው ራሱ ሰዓት ይሆናል። ዳዊት የሚደግም ሰው መዝሙሩ በ15 ንጉሥ የተከፈለ ስለ ሆነ ስንት ንጉሥ እንዳደረሰ አይቶ ማለዳው ምን ያህል እንደ ሄደ ይገምታል፤ ባልቴቷ በእንጀራዋ ቍጥር፥ ገበሬው በትልሙ ብዛት ያውቃል። በሌሊትም ዶሮ ሲጮኽ፥ ኮከብ ሲያዘቀዝቅ፥ ደወል ሲደወል ይታወቃል። በአንዳንድ ጥንታውያን ገዳማት እስከ ዛሬ የሚገኘው ከድንጋይ የተበጀ ደወል ድምፁ እንደ ብረቱ ረጅም አይደለም፤ ነገር ግን በአጥቢያው ያለ ሁሉ በአንድነት ይሰማዋል። የቀድሞው ሰዓት ዋና ጠባይ ይህ ነበረ። ፀሐይዋም ዶሮውም ደወሉም የሁሉ ናቸው። ባለጠጋው ከድኻው የተሻለ ሰዓት አልነበረውም፤ ሰዓት የለህም ተብሎ የሚያፍርም ሰው አልነበረም።

የጊዜውም ስሞች ሰፊዎች ነበሩ። ጎሕ ሲቀድ፥ ማለዳ፥ ረፋድ፥ ቀትር፥ ተሲያት፥ ከብት ሲገባ፥ ለዐይን ያዝ ሲያደርግ፥ ውድቅት፥ እያንዳንዱ እንደ አዳራሽ ብዙ ሰው የሚያስገባ ስም ነው። «ረፋድ ላይ እንገናኝ» የተባባሉ ሁለት ሰዎች አንዱ ቀድሞ ቢደርስ ከዋርካው ጥላ ተቀምጦ ከመንገደኛው ወሬ ይሰማል፤ ሁለተኛው ሲመጣ ጤና ይጠያየቃሉ እንጂ ስለ መዘግየት የሚነሣ ክርክር አይኖርም፤ ረፋዱ ገና አላለፈምና። ይህ ግን ልቅነት አልነበረም። በዳኛ ፊት የቀጠሮውን ቀን ያፈረሰ ሰው ነገሩን ሊያጣ ይችላል፤ የዘር ሳምንት ያለፈበት ገበሬ ዓመቱን ሙሉ ይራባል፤ ለመንፈቀ ሌሊት ያልተነሣ መነኵሴ በማኅበሩ ፊት ይወቀሳል። ጥብቅነቱ በቀኑና በሥራው ላይ ነበረ፤ በደቂቃው ላይ አልነበረም።

ይሁን እንጂ የቀድሞውን ኑሮ ከሚገባው በላይ ማሞገስ እውነትን መሸፈን ይሆናል። የዶሮ ጩኸት መድኃኒት በተወሰነ ሰዓት ለሚሰጥ ሐኪም አይበቃም። በውቅያኖስ ላይ ያለ መርከበኛም የመነሻውን ወደብ ሰዓት ካልያዘ ምን ያህል ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ እንደ ተጓዘ ለማወቅ እጅግ ይቸገር ነበርና፥ እንግሊዛዊው ጆን ሐሪሰን ብዙ ዘመን ደክሞ በ1759 (የውጭ አገሩ ታሪክ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) የፈጸመው የባሕር ሰዓት ለመርከበኞች ታላቅ ረድኤት ሆኗል። እንግዲህ መሣሪያው በራሱ የሰው ጠላት አይደለም። ጭንቀቱ ከየት እንደ ገባ ለማወቅ መሣሪያው በተወለደበት አገር መንገዱን መከተል ያስፈልጋል።

በአውሮፓም ሰዓት የተወለደው ለጸሎት ነበረ። ሌሊቱ በክረምት እጅግ በሚረዝምበት፥ ሰማዩም ብዙ ጊዜ በሚጨልምበት አገር መነኰሳት ለሌሊት ጸሎት የሚያነቃቸው ይሹ ነበር። በክብደትና በጥርሳም መዘውር የሚሠራው ሰዓት በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ተገኘ። ሥራውም ማሳየት ሳይሆን መደወል ነበረ። በእንግሊዝ አገር በሶልዝበሪ ካቴድራል በ1386 እንደ ተሠራ የሚነገረው ጥንታዊ ሰዓት እስከ ዛሬ አለ፤ ገጽም አመልካችም የለውም፤ ደወል ብቻ ይመታል። እንግሊዞች ትልቁን ሰዓት የሚጠሩበት ስም የወጣው ክሎካ ከሚለው የላቲን ቃል ነው፤ ትርጓሜውም ደወል ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ የአውሮፓው ሰዓት ከኢትዮጵያው ደወል ብዙ አልተለየም፤ የሚሰማ እንጂ የሚታይ አልነበረም፤ የሁሉም ነበረ።

ከዚያ በኋላ ግን ደወሉ ሌላ ጌታ አገኘ። በሰሜን ፈረንሳይ ሸማ የሚሠራባቸው ከተሞች ነጋዴዎች ሠራተኛው መቼ እንዲገባ፥ መቼ እንዲበላ፥ መቼ እንዲወጣ በደወል ለመወሰን ፈለጉ። በ1335 የፈረንሳይ ንጉሥ ፊልጶስ 6ኛ ለአሚየን ከተማ ሹማምንት ይህን የሥራ ደወል እንዲያስደውሉ ፈቀደላቸው። ወደ ጸሎት ይጠራ የነበረው ድምፅ ወደ ሥራ መጥራት ጀመረ። ይህም ብቻውን ክፉ አልነበረም፤ ሥራም የሰው ዕጣ ነውና። ነገር ግን ደወሉን የሚደውል ሰው የሌላውን ሰው ቀን በእጁ ያዘ። ከዚያ ወዲህ ጊዜ የሚሸጥና የሚገዛ ዕቃ ሆነ።

በ1656 የሆላንዱ ሊቅ ክርስቲያን ሁይገንስ የሚወዛወዘውን ክብደት ከሰዓት ጋራ በማዋሐድ ከዚያ በፊት በቀን ብዙ ደቂቃ ይሳሳት የነበረውን ሰዓት እጅግ አቀናው። ሰዓቱ ሲቀና የደቂቃ አመልካች በገጹ ላይ ተለመደ፤ ቀድሞ ግን ብዙዎቹ ሰዓቶች አንድ አመልካች ብቻ ነበራቸው። ደቂቃ በዐይን ሲታይ መዘግየት የሚባለው ነገር በአዲስ መልክ ተወለደ ማለት ይቻላል። አንድ አመልካች ያለው ሰዓት ሦስት ሰዓት ገደማ እንደ ሆነ ይናገራል፤ ሁለት አመልካች ያለው ግን ሦስት ሰዓት ከሰባት ደቂቃ አልፏል ብሎ ይወቅሳል።

በ1700 ገደማ በሰሜን እንግሊዝ የክራውሊ የብረት ሥራ ቤት ደንብ ሲጻፍ፥ ሰዓቱን ማንም እንዳይነካው ተቈልፎ በዘበኛው እጅ ብቻ እንዲቀመጥ ታዘዘ። በ19ኛው መቶ ዓመትም በስኮትላንድ በደንዲ ከተማ በፋብሪካ ያደገ አንድ ሰው በጻፈው ታሪክ፥ አለቆች ሰዓቱን በማለዳ ወደ ፊት በማታ ወደ ኋላ እያዞሩ የሠራተኛውን ጊዜ ይሰርቁ እንደ ነበር፥ ሠራተኛውም የኪስ ሰዓት መያዝ ይፈራ እንደ ነበር ይመሰክራል። ይህ ታሪክ እጅግ የሚያስተምር ነው። በእነዚያ ሥራ ቤቶች ሰዓት ያልያዘው ሰው ከጭንቀት የዳነ አልነበረም፤ የተበደለ ነበረ እንጂ። ሰዓት ሳይዙ መኖር ዕረፍት የሚሆነው ጊዜውን የሚናገረው የሁሉ የሆነ እንደ ሆነ ብቻ ነው። ፀሐይን በሣጥን የሚቈልፍ አለቃ አልተገኘም፤ የፋብሪካውን ሰዓት የሚቈልፍ ግን ተገኘ።

ፀሐይን ከዙፋኗ ያወረዳት የምድር ባቡር ነው። ቀድሞ በአውሮፓ እያንዳንዱ ከተማ ቀትሩን ከራሱ ፀሐይ ይቀበል ነበር፤ የብሪስቶል ቀትር ከለንደን ቀትር 10 ደቂቃ ያህል ይዘገይ ነበር፤ ማንንም አላስቸገረም። ባቡር ሲመጣ ግን ይህ ልዩነት የጕዞውን ሠንጠረዥ የሚያበላሽ፥ በአንድ ሐዲድም ላይ ለአደጋ የሚያጋልጥ ሆነ። ከ1840 ጀምሮ የታላቁ ምዕራብ የባቡር ኩባንያ በመስመሩ ሁሉ የለንደንን ሰዓት አጸና፤ በ1880 ለታላቋ ብሪታንያ ሁሉ ሕግ ሆነ። በ1884 በዋሽንግተን 25 መንግሥታት ተሰብስበው የግሪንዊች መስመር ለዓለም ሁሉ የቈጠራ መነሻ እንዲሆን ተመከረ። ከዚያ ወዲህ ቀትር የፀሐይ ሳይሆን የውል ነገር ሆነ።

በመጨረሻ ሰዓቱ ከግንብ ወደ ግድግዳ፥ ከግድግዳ ወደ ኪስ፥ ከኪስም ወደ እጅ መጣ። የእጅ ሰዓት አስቀድሞ የወይዛዝርት ጌጥ ነበረ፤ ወንዶች ይንቁት ነበር። በ1904 በፓሪስ ይኖር የነበረው የብራዚል ተወላጅ አውሮፕላን ነጂ ሳንቶስ ዱሞን እጆቹ በመሪው ሲያዙ ከኪሱ ሰዓት ማውጣት ቢቸግረው፥ ሉዊ ካርትዬ በእጅ የሚታሰር ሰዓት ሠራለት ይባላል። ነገር ግን በወንዶች ሁሉ እጅ ያሰረው ከ1914 እስከ 1918 የተደረገው የዓለም ጦርነት ነው። መድፍና እግረኛ በአንድ ደቂቃ እንዲተባበሩ መኰንኖች ሰዓታቸውን አስተካክለው ከጕድጓዱ ውስጥ ይጠብቁ ነበር። በሐምሌ 1 ቀን 1916 በሶም ጦር ሜዳ የእንግሊዝ መኰንኖች ሰዓታቸውን እየተመለከቱ በአውሮፓ አቈጣጠር ከጠዋቱ 7 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ሲሆን ፉጨት ነፉ፤ በዚያ አንድ ቀን 19,000 ያህል ወታደሮቻቸው ሞቱ። የእጅ ሰዓት ከጦርነት ወደ ቤት የተመለሰው እንዲህ ነው። ሰው በየጊዜው ክንዱን እየገለጠ የሚያይበት ጭንቀት ከዚያ ጕድጓድ ጥቂት ሳይወርስ አልቀረም።

ወደ ኢትዮጵያ መሣሪያው በብዛት የገባው ከባቡር ጋራ ነው። ከጅቡቲ የተጀመረው የሐዲድ ሥራ በ1895 ዓ. ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ. ም. አዲስ አበባ ደረሰ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ በቀን ብቻ እየተጓዘ ሌሊት በድሬዳዋና በአዋሽ ያድር ስለ ነበር፥ የፈረንጅ መሣሪያ ራሱ የአገሩን ልማድ ተከትሎ ማታ ማታ ይተኛ ነበር ቢባል ሐሰት አይሆንም። የፈረንጅ ሰዓት መነሻው እኩለ ሌሊት፥ የኢትዮጵያው መነሻ ንጋት ስለ ሆነ በመካከላቸው የስድስት ሰዓት ልዩነት አለ። በገጹ ላይ ስድስት ሰዓት ማለት ትክክል ፊት ለፊት ነው። ስለዚህ በፈረንጅ አቈጣጠር የተሞላ ሰዓት ያገኘ ሰው አመልካቹን ትቶ ከአመልካቹ ትይዩ ያለውን ቍጥር ያነባል፤ ሌላውም መዘውሩን አዙሮ ሰዓቱን ከንጋቱ ጋራ ያስማማል። በዚህ አንዲት ብልሃት ሕዝቡ መሣሪያውን ተቀበለ፥ ፀሐዩን ግን አልለቀቀም።

ይህን ያደረጉ ጥቂቶች ናቸው። ቱርኮች ከፀሐይ መግቢያ ጀምሮ ይቈጥሩ ነበር፤ በ1926 ግን በሕግ ወደ አውሮፓ አቈጣጠር ተመለሱ። የአቶስ ተራራ መነኰሳት እስከ ዛሬ ፀሐይ ስትገባ አዲስ ዕለት ይጀምራሉ፤ የስዋሂሊ ቋንቋ ተናጋሪዎችም እንደ ኢትዮጵያውያን ከንጋት ይቈጥራሉ። ሆኖም ኢትዮጵያዊው ሰዓት እንኳ ፍጹም የፀሐይ ነው ማለት አይቻልም። የአገሩ ሕጋዊ ሰዓት የተመሠረተበት መስመር ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ ርቆ የሚያልፍ ስለ ሆነ፥ በአዲስ አበባ ሰዓቱ ስድስት ሲል ፀሐይ ከቀትር ለመድረስ በአማካይ 25 ደቂቃ ያህል ይቀራታል። ይህ በባሕረ ሐሳብ ቋንቋ አንድ ኬክሮስ ያህል ነው። እጁን አይቶ ደቂቃ ዘገየሁ ብሎ የሚደነግጥ ሰው የያዘው ሰዓት ራሱ ከፀሐይ አንድ ኬክሮስ መቅደሙን ቢያስብ ድንጋጤው ሳይቀንስለት አይቀርም።

በዛሬው ዘመን ብዙ ሰው የእጅ ሰዓቱን አውልቋል። ያወለቀው ግን ሰዓት በተንቀሳቃሽ ስልኩ ውስጥ ስለ ገባለት ነው፤ ከጭንቀቱ ጥቂት አልተቀነሰለትም። ስለዚህ ፈውሱ መሣሪያውን በማውለቅ ብቻ አይገኝም። ሰዓቱን ረስቶ የወጣ ሰው ቀኑን እንዴት እንደሚያሳልፍ ቢታሰብ ነገሩ ይገለጣል። አስቀድሞ ባዶ ክንዱን ደጋግሞ ያያል፤ አንዳች የጐደለው ይመስለዋል። ጥቂት ቆይቶ ግን የሠራተኛው ወደ ቤቱ መመለስ፥ የጥላው መርዘም፥ የደወሉ ድምፅ፥ የተማሪዎቹ መውጣት ሰዓቱን ይነግሩታል፤ ማታም ሲመለስ የሠራው ሥራ ከሌላው ቀን ያላነሰ መሆኑን ያያል። የሚያስፈልገው ሰዓት በዙሪያው ሞልቶ ነበር፤ እርሱ ግን ክንዱን ብቻ ስለሚያይ አላስተዋለውም ነበር።

ይህ ማለት ግን ለሌላው ሰው ጊዜ መሳሳት አይገባም የሚለው ሕግ ተሻረ ማለት አይደለም። በተቀጠረበት ሰዓት የማይገኝ ሰው ከሚጠብቀው ሰው ዕድሜ ይሰርቃል፤ የደንዲ አለቆች አመልካቹን በማዞር ያደረጉትን እርሱ እግሩን በመጐተት ያደርገዋል። የቀድሞዎቹ አበው ረፋድን ሰፊ ያደረጉት ለሁለቱም ወገን ሰፊ እንዲሆን ነው፤ አንዱ ወገን ብቻ ሲሰፋበት ሌላው ይጠብበታል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው ምሳሌ ችኮላን ይነቅፋል እንጂ ስንፍናን አያመሰግንም። ለሌላው ሲሆን ደቂቃውን ማክበር፥ ለራስ ሲሆን በደቂቃው አለመታሰር፥ ከሁለቱ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ይህ ነው።

ባሕረ ሐሳብን ያወረሱት ሊቃውንት ከራብዒት በታች እስከ ሳድሲት ወርደው ቈጥረዋል፤ አንዱም በእጃቸው የታሰረ አልነበረም። ጊዜን በአሳባቸው ከፈሉት፥ በልባቸው ግን አልቈራረጡትም። «ሰዓት የለኝም» ሲባል ሰሙን ብቻ የተናገረ ሰው የጐደለው ጥቂት ነው፤ መንገደኛ ጠይቆ ወይም ጥላውን ሰፍሮ ያገኘዋል። ወርቁን የተናገረ ሰው ግን በሁለቱም እጁ ሰዓት ቢያስር አይሞላለትም።